የተበጠሰ የዘር ሐረግ ፍለጋ፤ የመምህርት ቢሾ ጃርሳ ታሪክ



በኢትዮጵያ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ልጅ አባቱን፣ አያቱንና ቅድመ አያቱን እየጠራ እስከ ሰባት ቤት እንዲቆጥር ገና በለጋነቱ ይለማመዳል። ቀድሞ ለርስት ክርክር ሲባል የሚያጠኑት ነበሩ፤ በጋብቻ ጊዜ የሥጋ ዝምድና እንዳይገጥም ሲባል የሚያጠኑትም አሉ። ይህ ቆጠራ ግን የሚጸናው አስቈጣሪውና ቈጣሪው በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ ሲኖሩ ነው። ልጅ ከወላጆቹ ተነጥቆ ባሕር በተሻገረ ጊዜ ሐረጉ ይበጠሳል። የተበጠሰውንም ሊቀጥል የሚሻ ሰው የሽማግሌ ቃል ሲጠፋበት የባዕድ ጸሐፊ ወደ ጻፈው መዝገብ ለመሄድ ይገደዳል። የዚህ ነገር ምስክር የአንዲት የኦሮሞ ልጅ ታሪክ ነው፤ ልጅቱም ኋላ መምህርት ሆናለችና ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይደለችም።

ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። ወላጆቿ እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ በድርቅና በበሽታ ሞቱባት። አገሩ ወደ ክፉ ቀን እያዘቀዘቀ የሄደበት ዘመን ነበርና፣ ያሳዳጊ ያለህ ስትል በጥቂት በቆሎ ተሸጠች። አንዲት ነፍስ በስንት እፍኝ እህል እንደ ተለወጠች ለማሰብ ይከብዳል። ከዚያም ነጋዴ ለነጋዴ እያቀባበላት ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወረደች።

እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1888 ኦስፕሬይ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በራሄታ አቅራቢያ የባሪያ ነጋዴዎችን ጀልባዎች ያዘች። በጀልባዎቹ ውስጥ ወደ ዓረብ አገር ገበያ የሚወሰዱ ከ200 በላይ የኦሮሞ ልጆች ተገኙ። ልጆቹም ወደ ዓደን ተወሰዱ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹን የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን በሸኽ ዑስማን ተቀብሎ አስጠጋቸው። የቦታው አየር ስላልተስማማቸው ብዙዎች ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። ስለዚህ ሚሲዮኑ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች ልጆችን መርጦ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ቅኝ ግዛት ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ላካቸው። እነርሱም በነሐሴ ወር 1890 ደረሱ። ነጻ የወጡ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው መንደር ሳይሆን ከአገራቸው ይበልጥ ወደሚርቅ ስፍራ መወሰዳቸው ሳይነገር የማይታለፍ ነገር ነው።

ያም ሆኖ ሚሲዮናውያኑ አንድ ታላቅ ሥራ ሠሩ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ በአስተርጓሚ ጠየቋቸው። ስምህ ማን ነው? አባትህስ፣ እናትህስ? ወንድምና እኅት አለህን? አገርህ ወዴት ነው? የማረከህ ማን ነው፣ የሸጠህስ? በየትኛው መንገድ መጣህ? የልጆቹም መልስ ተጽፎ ቀረ። በባርነት ከተሸጡት እጅግ ብዙ አፍሪካውያን መካከል ገና በልጅነታቸው ሳሉ እንዲህ የተጠየቁ ጥቂቶች ናቸው፤ የሌሎቹ የልጅ ልጆች የሚከፍቱት መዝገብ የላቸውም።

ቢሾ በላቭዴል የተሰጣት ትምህርት በመጀመሪያ ለቤት ሠራተኛነት የሚያዘጋጅ ነበር፤ ነገር ግን የአእምሮዋ ብሩህነት ስለ ታወቀ ለመምህርነት ሠለጠነች። ከኦሮሞ ሴቶች ልጆች ይህን ዕድል ያገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 ወይዘሮ ቢሾ ከላቭዴል ወጥተው በክራዶክ ከተማ ማስተማር ጀመሩ።

በስተርጅና ዘመናቸው ወይዘሮ ቢሾ በቤቱ ያለ ማንም ሰው በማይሰማው ቋንቋ ለብቻቸው ይናገሩ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ምን እንደሚሉ እናታቸውን ሲጠይቁ፣ አያታችሁ ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገሩ ነው የሚል መልስ ይሰጣቸው ነበር። ከእነዚህ የልጅ ልጆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለደው ኔቪል አሌክሳንደር ነው። እርሱም የአፓርታይድን አገዛዝ በመቃወሙ ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት ታስሯል፤ ከእስር በኋላም እስከ ሞተበት እስከ 2012 ድረስ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲደክም ኖሯል። አያቱ የምትናገረው ቋንቋ ተናጋሪ ጠፍቶ በጆሮው የሰማ ልጅ ለዚህ ጉዳይ መቆሙ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሚሲዮናውያኑ የተዉት ጽሑፍ ቀድሞ ግርሃምስታውን ትባል በነበረችው ከተማ በኮሪ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ይህን መርምረው ስለ 64ቱ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አሳትመዋል። እንዲህ ያለው ምርምር ቀላል አይደለም። የኦሮምኛን ድምፅ ጆሮው ያልለመደው የውጭ አገር ሰው የሰውንና የመንደርን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፍ አንዱን ፊደል በሌላው ይተካል፤ ጠብቆ የሚነበበውን ከሚላላው አይለይም። መርማሪው ስሙን በዓይን ብቻ ከፈለገው አያገኘውም፤ ድምፁን እያሰማ ቋንቋውን የሚያውቁትን መጠየቅ አለበት። ሁለተኛውም ችግር የአባት ስም ነው። «ጃርሳ» የአባት ስም እንጂ እንደ አውሮፓውያን ልማድ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም፤ ሴቲቱ ስታገባ ግን በባል ስም ትጻፋለችና ወይዘሮ ቢሾ ሼፐርስ በተባሉ ጊዜ የአባታቸው ስም ከወረቀት ላይ ጠፋ። የሼፐርስን ስም ይዞ ወደ ኋላ የሚፈልግ ሰው ከጋብቻው ዘመን አልፎ አይሄድም። የተማሪን ስም በችኮላ አሳጥሮ ወይም ለአፉ እንዲመቸው ለውጦ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር መምህርም ያንኑ በር እንደሚዘጋ ቢያስተውል መልካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1903፣ ልጆቹ አድገው ሥራ ከያዙ በኋላ፣ ወደ አገራቸው መመለስ ይፈልጉ እንደ ሆነ ላቭዴል ጠየቃቸው። ብዙዎቹ እንፈልጋለን ብለው መለሱ። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ በነበረ አንድ ጀርመናዊ ረዳትነት በ1909 አሥራ ሰባቱ በመርከብ ተሳፍረው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ወይዘሮ ቢሾ በክራዶክ ቀሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆኑትን ፍሬደሪክ ሼፐርስን አገቡ። ሴት ልጅ በወለዱም ጊዜ ስሟን በአገራቸው ቋንቋ ዲምቢቲ አሏት።