የ60 ሊትር ቤንዚን ጉዳይ

ዛሬ ስለ ሒሳብ እንድናገር ነበር የተመደብኩት። የምናገረው ግን ስለ መኪናችን ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ታግሳችሁ ብትሰሙኝ ጉዳዩ ያው ሒሳብ መሆኑን ታዩታላችሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ቡናና ኮረሪማ ጭና ቀይ አፈር ገበያ የምትሄደው፣ ማር ይዛ ጂንካ የምትመለሰው ሚኒባሳችን በአንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። በመጋቢትና በሚያዝያ 2,160 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ለ9 ሲካፈል 240 ሊትር ይበቃት ነበር። በደረሰኝ የቀረበልኝ ግን 300 ሊትር ነው። 60 ሊትር የት ገባ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሾፌሩ ላይ ነው፤ የእኔም ዓይን እዚያው አረፈ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሾፌራችን የ60 ሊትሩን ዋጋ ከደመወዛቸው እንዲከፍሉ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተቆረጠባቸውም። እሳቸው አልተከራከሩም። «ልጄ፣ መኪናዋ ታማለች፣ ጭሷ ጠቁሯል» ብቻ አሉኝ። እኔ ግን ሰበብ መሰለኝ።

ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት በራ። የወሰድንበት ጋራዥ በማሽን አይቶ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ ይቀየር» አለ። ዕቃው ከአዲስ አበባ መጣ፣ ተቀየረ፣ ከፈልን፣ መብራቱ ጠፋ። በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ በራ፤ ፍጆታውም ያው ነበር። ኋላ ወረቀቱን ሳነበው ማሽኑ ያለው «ቅልቅሉ ቀጥኗል፣ አየር በዝቷል» ነው እንጂ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አይልም። የሒሳብ ሚዛን ሲያቃጥል የትኛው ቫውቸር እንደተሳሳተ አይነግረንም አይደል? እንደዚያው ነው።

ሌላ መካኒክ ዘንድ ስሄድ ቆሜ ልይ ብዬ ለመንኩት። እሱም እየሠራ አስረዳኝ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን የሚጠብቀው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ የሚመራውም የጭስ ቱቦው ላይ የተተከለችው ሴንሰር በምታቀብለው ወሬ ነው። ውስጧ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ አለ። በአንድ በኩል ንጹህ አየር፣ በሌላ በኩል ጭስ ይነካዋል፤ በሁለቱ መካከል ባለው የኦክስጅን ልዩነት ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት። መኪናችን ወደ አርባ ምንጭ ስትሄድ ወይጦ ቆላ ላይ አየሩ ይወፍራል፣ ኮንሶ ዳገት ላይ ይሳሳል። ማንም ሳይነካው ቅልቅሉ አብሮ የሚስተካከለው በዚህች ዕቃ ነው።

ምርመራው ቴስተር ብቻ ይበቃዋል። ሴንሰሯ ካልጋለች ስለማትሠራ ሞተሩ በደንብ ይሞቃል። ከዚያ ሶኬቱ ሳይነቀል የቴስተሩ አንድ ጫፍ በምልክት ሽቦው ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ ይደረጋል። ጤነኛ ከሆነች ቁጥሩ ከ0.1 ወደ 0.9 እየተመላለሰ አያርፍም። አንድ ቦታ ከቆመ ችግር አለ። (አዳዲስ መኪኖች ላይ የፊተኛዋ ሴንሰር ሌላ ዓይነት ልትሆን ስለምትችል በዚህ መንገድ አትለካም፤ ማሽን ይፈልጋል። የኛዋ አሮጌ ናት።) የኛዋ 0.1 ላይ ቆማ ነበር፣ ያውም አዲሷ! መካኒኩ ግን እዚህ ላይ አላቆመም። በአየር ማስገቢያው ትንሽ ማጽጃ ስፕሬይ ሲነፋ ቁጥሩ ወዲያው 0.8 ገባ፣ ሲተው ወደ 0.1 ወረደ። «ሴንሰሯ ደህና ናት፤ ያሸተተችውን ነው የምትናገረው» አለኝ።

ታዲያ አየሩ ከየት መጣ? ሞተሩ እየሠራ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለአፍታ በጨርቅ ሲይዘው፣ ከሴንሰሯ በፊት ካለው መጋጠሚያ ፍስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዙሪያው ጥላሸት ይዟል። ጋስኬቱ ተበልቷል፤ በመንገዱ መንቀጥቀጥ ይመስለኛል። በዚያ ክፍተት የውጭ አየር እየተሳበ ሲገባ ሴንሰሯ «አየር በዝቷል» ትላለች፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፤ ጭሱ ይጠቁራል። የሴንሰሯን ዋጋ ሩብ በማይሞላ ገንዘብ ጋስኬቱ ተቀየረ። ባለፈው ወር በሊትር 8.8 ኪሎ ሜትር ሄዳለች።

የድሮዋን ሴንሰርም አስለካኋት፤ እሷም ደህና ነበረች። በመለዋወጫ መዝገብ አስገብቻታለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና መያዝ ግድ ነውና አልተጣለችም። አንድ ቀን መቀየር ቢያስፈልግ ቱቦው ለብ ሲል፣ ሳይግል፣ ይፈታል፤ ብዙ ጊዜ ቁልፉ 22 ነው። የፊቷና የኋላዋ አይለዋወጡም፤ የዕቃ ቁጥሩ ከአሮጌዋ ጋር ይመሳከር። ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ እንጂ ጫፏን እንዳይነካ፤ ሽቦውም የጋለ ቱቦ ላይ እንዳያርፍ። ከእንግዲህ የቮልቱ ልክ ያልተጻፈበት የሴንሰር ግዢ ጥያቄ ላይ አልፈርምም። ቅር የሚለው ጋራዥ ቢኖር ቅር ይበለው።

ጋሼ እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ቡናም አጠጥተውኛል። ገንዘቡ የተቆረጠው ግን በማኅበሩ ስም ስለሆነ መመለስ ያለበት በማኅበሩ ፊት ነው። የ60 ሊትሩ ዋጋ ከመጠባበቂያ ሒሳብ ወጪ ሆኖ በዚህ ወር ደመወዛቸው ላይ እንዲጨመር፣ የእኔም ደብዳቤ ከፋይላቸው እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሰብሳቢያችን ድምፅ ያሰጡልኝ።