የተማሪ ገንዘብና የወላጅ ተስፋ
(በካኩማ ካምፕ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄዱ ተማሪዎች በተደረገ ሽኝት ላይ በመምህራን ስም የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው የዳፊ ነፃ የትምህርት ዕድል ለብዙ ስደተኞች የዩኒቨርሲቲን በር ከፍቷል። እናንተም ዛሬ በዚሁ በር ልትገቡ ነውና እንኳን ደስ ያላችሁ። ሆኖም እኛ መምህራን ሂሳብና ሳይንስ ስናስተምራችሁ የገንዘብ አያያዝን ሳናስተምር ቀርተናል። ይህ ጥፋታችን ነው።

ቀደም ሲል ከሸኘናቸው ልጆች አንዱ የመንፈቁ የኪስ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጁ ገባ። ግማሹን ለቤተሰቡ ላከ፤ የቀረውን አበዛለሁ ብሎ በእግር ኳስ ውርርድ ተበላ። ለምግብ በስልክ ተበደረ፤ ያንን ለመክፈል ደግሞ ከሌላ ተበደረ። ከዕዳ ያወጡት እናቱ ናቸው፤ የራሽን ዱቄትና ዘይታቸውን ሸጠው። እኛ የሰማነው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የስልክ ብድር ቀላል ቢመስልም ውድ ነው። ኤም-ሽዋሪ በ2012 ሲጀመር ለ30 ቀን ብድር 7.5 በመቶ ያስከፍል ነበር። በዚህ ሂሳብ 1,000 ሽልንግ የተበደረ 1,075 ይመልሳል። በየወሩ እየመለሰ እንደገና የሚበደር ግን በዓመት 900 ሽልንግ ከፍሎም ያው 1,000 ሽልንግ ዕዳ አለበት።

ሁለተኛ፣ በአጭር ጊዜ እጥፍ እንሰጣለን የሚሉትን አትመኑ። በ2006 እና በ2007 በኬንያ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሲፈርሱ በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ጠፍቷል። ቀድሞ የገባው የሚከፈለው ዘግይቶ ከገባው ሰው ገንዘብ ስለነበር፣ አዲስ ሰው ሲቀንስ ሁሉም ቆመ። የኬንያ መንግሥት በ2017 ኤም-አኪባ የተባለውን ቦንድ ከ3,000 ሽልንግ ጀምሮ ሲሸጥ የከፈለው ወለድ በዓመት 10 በመቶ ነበር። እንግዲህ በሳምንት 10 በመቶ እሰጣለሁ የሚል ሰው ከየት ያመጣዋል? ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ እንደደረሰ የምግቡንና የመጽሐፉን ለዩ፤ ከዚያ ትንሽም ቢሆን አስቀምጡ። እቁብ ወለድ ባይኖረውም ቁጠባን ያስለምዳል፤ ኬንያውያን ጓደኞቻችሁም ቻማ አላቸው። ከምታውቋቸው ጋር ብቻ ግቡ፤ መዝገብም ይኑር። ገንዘብ የምታስቀምጡበት የስልክ መስመር በራሳችሁ ስም የተመዘገበ ይሁን። በሌላ ሰው ስም ከሆነ ጠብ በተነሳ ጊዜ የእኔ ነው ማለት ያስቸግራል።

በመጨረሻም ለእናንተ ለወላጆች። ችግራችሁ ችግራችን ነው፤ የምንኖረው በአንድ ካምፕ ነው። ነገር ግን የልጁ የኪስ ገንዘብ የቤተሰብ ደመወዝ አይደለም። ዛሬ ላክልን ብለን ብናስጨንቀው ነገ ትምህርቱን አቋርጦ ይመለስብናል። ልጆቻችንም ሲቸግራችሁ ከማበደርያው ስልክ በፊት ወደ እኛ ደውሉ። አንቆጣም።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።