«የሙከራ ዕቃ» የሚለው ወጪ
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የሂሳብ ሪፖርቱ አስቀድሞ ስለደረሳችሁ ቁጥሩን ደግመን አናነብም። ከደጋፊዎቻችን አንዱ ግን በቅዳሜው የልጆች ማጠናከሪያ ትምህርት ሥር «የሙከራ ዕቃ» የሚለውን መስመር አይተው፣ «እርሾ፣ ፊኛ፣ ባቄላና ኖራ ከትምህርት ጋር ምን አገናኛቸው? ገንዘቡ ለደብተር ቢውል አይሻልም?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኮሚቴያችን ውስጥም ይህንኑ የሚሉ እናቶች አሉ። መስመሩ በሚመጣው ዓመት ይቀጥል ወይስ ይሰረዝ የሚለውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ እናንተ ትወስናላችሁ። ከዚያ በፊት ገንዘቡ ምን እንደሠራ እንንገራችሁ።

ልጆቻችን ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚለዩበትን ዝርዝር በቃላቸው ያውቁታል። ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል፣ ይመገባል፣ ያድጋል፣ ይራባል፣ ቆሻሻ ያስወግዳል እያሉ ሳይደናቀፉ ይወርዱታል። አስጠኚዎቻችን «እሺ፣ እሳትስ?» ሲሏቸው ግን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እሳት ይንቀሳቀሳል፤ እንጨት ይበላል፤ ይጨምራል፤ ብርጭቆ ሲደፉበት አየር አጥቶ ይጠፋል፤ አመድም ይጥላል። ከጎረቤት ጭረን ስናመጣው ደግሞ ሁለት ይሆናል። የደረቀ ባቄላ ግን ጆንያው ውስጥ ወር ሙሉ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። በቃል የተያዘው ዝርዝር እሳትን ሕያው፣ ባቄላን ሙት ሊያደርግ ነው። ፈተና ላይ ትክክለኛውን ፊደል ማክበብ አላቃታቸውም፤ ያቃታቸው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነበር።

ሙከራው የተጀመረው በዚሁ ባቄላ ነው። አሥር ጥሬ፣ አሥር የተቀቀለ ፍሬ በሁለት እርጥብ ጨርቅ ተጠቀለለ። በሳምንቱ ጥሬው አጎንቁሎ ተገኘ፤ የተቀቀለው ሻግቷል። (አንዲት ልጅ «ሻጋታውስ ሕይወት የለውም?» ብላ አስጠኚዋን አስቸግራለች። አለው፤ እሱም ከዝርዝሩ ገባ።) ያጎነቆለው ባቄላ ጠርሙስ ውስጥ ከጠራ የኖራ ውሃ ጋር ተዘግቶ ሲያድር ውሃው እንደ ወተት ነጣ። ልጆቹ ራሳቸው፣ ወደ ውስጥ እንዳይስቡ እየተጠበቁ፣ በቀሰም ሲተነፍሱበትም እንዲሁ ነጣ። ከእነሱ ሳንባ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባቄላውም ይወጣል ማለት ነው። ፍሬው ዝም ብሎ ቢቀመጥም ይተነፍሳል።

ብዙ ያከራከረን የእርሾው ሙከራ ነው። ሦስት የሃይላንድ ጠርሙሶች ተዘጋጁ። በአንደኛው የዳቦ እርሾ፣ ስኳርና ለብ ያለ ውሃ ተደረገ። በሁለተኛው ያው ሁሉ አለ፤ እርሾው ብቻ አስቀድሞ ፈልቶ ቀዝቅዟል። በሦስተኛው ቤኪንግ ፓውደርና ለብ ያለ ውሃ ገባ። አፋቸው ላይ ፊኛ ተገጠመ። የፈላው ፊኛ እንደተኮራመተ ቀረ። እኛ ሂሳብ ላይ የምንቀመጥ ሰዎች ይህን ጠርሙስ ከሁሉ ወደድነው፤ ያለ ማነጻጸሪያ የቀረበ ውጤት ለእኛ ያለ ደረሰኝ እንደቀረበ ወጪ ነው። የእርሾው ፊኛ ቀስ እያለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆመ። ግን ሁሉንም የቀደመው ቤኪንግ ፓውደሩ ነበር። ልጆቹም «እንግዲያው ቤኪንግ ፓውደር ሕይወት አለው» ብለው ጮኹ።

እዚህ ላይ የተናገሩት አስጠኚዎቹ አይደሉም። ልጃቸውን ሊወስዱ በር ላይ የቆሙ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አባላችን ናቸው። «ከሁለቱም ማንኪያ ማንኪያ ቀንሳችሁ ለአዲስ ዱቄት ስጡትና እዩት» አሉ። ተደረገ። ዱቄትና ውሃ ብቻ ያለበት ሦስተኛ ስኒም አብሮ ተቀመጠ። በሁለት ሰዓት ውስጥ የእርሾው ሊጥ ተነፋ፤ ሌሎቹ ባሉበት ቀሩ። ከተነፋው እንደገና ማንኪያ ተወስዶ ለሌላ ዱቄት ተሰጠ፤ እሱም ተነፋ። እኝህ እናት በየጊዜው ከቡሆው ጥቂት አስቀርተው ለቀጣዩ ሲያሳድሩ የኖሩት ይህንኑ ሥራ ነው። «እኔ አልተማርኩም» ማለት ይወዱ ነበር፤ ልጆቹ አሁን «መምህራችን» ይሏቸዋል።

የተከራከርንበት ጉዳይ ታላላቆቹንም አከራክሯል። ሊቢግ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት መፍላት የኬሚካል መፈራረስ ነው ሲል፣ ፈረንሳዊው ፓስተር ደግሞ በ1850ዎቹ ማብቂያ የሕያዋን ሥራ መሆኑን በሙከራ አሳይቷል። በ1976 ሁለት የአሜሪካ ቫይኪንግ መንኮራኩሮች ማርስ ላይ አርፈው አፈሩን ምግብ ያለበት ፈሳሽ ሲያጠጡት ጋዝ ወጣ። አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን የአፈሩ ኬሚስትሪ ነው፣ ሕይወት አይደለም ብለው ደመደሙ። የእኛ ልጆች ይህን ሲሰሙ «ቤኪንግ ፓውደር ነው!» አሉ።

ስለ እሳቱም መልስ የተገኘው ከልጆቹ ነው። እሳት ከክብሪት ይነሣል፣ እናት እሳት አያስፈልገውም፤ ባቄላ ግን ከባቄላ እንጂ ከሌላ አይገኝም። አስጠኚዎቹ ሕያዋን ሁሉ ከሴል የተሠሩ መሆናቸውን ጨመሩበት። ሴሉን ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ የለንም፤ በመጽሐፍ ሥዕል አልፈነዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ባለፈው ዓመት የጓሮ አትክልት ቡድናችን ከአንድ ነጋዴ የገዛው የጎመን ዘር አብዛኛው ሳይበቅል መቅረቱን ታስታውሳላችሁ። ለመደብ ዝግጅቱና ለፍጉ የወጣው ገንዘብ፣ የእናቶቹም ጉልበት አብሮ ቀረ። ዘሩ ሲታይ ምንም እንከን አልነበረበትም። ዘንድሮ ቡድኑ ከመክፈሉ በፊት ከሁለት ሻጮች ናሙና ተቀብሎ ለቅዳሜ ልጆች ሰጣቸው። ከየናሙናው 50 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ አኖሩ፤ በሳምንቱ ከአንደኛው 44፣ ከሌላው 11 በቀለ። ግዢውን የፈጸምነው ልጆቹ በጻፉት ወረቀት ላይ ተመሥርተን ነው። ወረቀቱ ከደረሰኙ ጋር ተያይዞ በፋይላችን ይገኛል፤ ኦዲተሩም አይተውታል። የዓመቱ ሙከራ ወጪ በሙሉ ደግሞ አምና ከከሰርነው የዘር ዋጋ ያንሳል።

ደብተር አያስፈልግም እያልን አይደለም። የደብተሩ መስመር አልተነካም፤ የምንጠይቀው ይህኛውም እንዳይሰረዝ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። ዛሬ በየጠረጴዛው የቀረበውን ውሃ የጠጣችሁ ሃይላንዱን አትጣሉት፤ በሩ አጠገብ ባለው ካርቶን ውስጥ አስቀምጡልን፣ ለቅዳሜ ይፈለጋል።