በመነሻ ቀለም ስለሚፈለጉ የጃፓን ዘፈኖች



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናገርበት የመረጥሁት ነገር፣ ከውጭ ለሚያየው ሰው የልጆች ጨዋታ ወይም የምሽት መዝናኛ ብቻ ቢመስልም፣ ቀርቦ ለመረመረው የአንድን ሕዝብ ልሳን ታሪክ የሚገልጥ ነው፤ ይኸውም ጃፓናውያን በካራኦኬ ቤት ተሰብስበው ዘፈንን በመነሻ ቀለሙ እየፈለጉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

የጨዋታው መሠረት ሺሪቶሪ፣ የቃል ጭራ መያዝ፣ የሚባለው ነው። አንዱ ቃል ሲናገር ተከታዩ ያ ቃል ባለቀበት ቀለም የሚጀምር ሌላ ቃል ማምጣት ይገባዋል፤ «ን» በሚለው ድምፅ የሚያልቅ ቃል የተናገረ ግን፣ በዚህ ድምፅ የሚነሣ የጃፓን ቃል ስለሌለ፣ መንገዱን ዘግቶአልና ይሸነፋል። በካራኦኬ ክፍል ይህ ሥርዓት ከቃል ወደ ዘፈን ርእስ ይሸጋገራል። ወይም ደግሞ አንድ ቀለም ብቻ ይመረጥና የተቀመጡት ሁሉ በየተራቸው በዚያ ቀለም የሚጀምር ዘፈን እያመጡ ይዘፍናሉ።

ይህ ሊሆን የቻለው በጽሕፈታቸው ጠባይ ነው። ካና የሚባለው ፊደላቸው እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ቀለም የሚያሰማ ስለ ሆነ፣ የጃፓን ልጅ ቃልን የሚከፍለው «ሳ»፣ «ኩ»፣ «ራ» እያለ በየቀለሙ ነው። የመነሻ ፊደል ዝክርን እንደሚያጸና የጥንት ሰዎች ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ዳዊት የደገመ ሰው መቶ ዐሥራ ስምንተኛውን መዝሙር ሲያነብ በየክፍሉ ራስ ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉትን የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች የሚያገኘው ስለዚህ ነው። ጃፓናውያን ግን ነገሩን ከመጽሐፍ አውጥተው የጆሮና የእጅ ውድድር አደረጉት።

ፉጂዋራ ኖ ቴይካ የተባለው ባለቅኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1235 ዓመት ገደማ ከመቶ ባለቅኔዎች አንዳንድ ግጥም መርጦ መቶ ግጥም ሰበሰበ። የግጥሞቹ ሥርዓት 31 ቀለም ነው፤ ይኸውም 5፣ 7፣ 5፣ 7፣ 7 ሆኖ የተከፈለ ነው። ከዚህ ስብስብ ካሩታ የሚባለው የካርድ ጨዋታ ተወለደ፤ የዛሬውንም የውድድር ሥርዓት ኩሮኢዋ ሩይኮ የተባለው ጋዜጠኛ በ1904 ዓመት አቋቋመው። በየዓመቱ በጥር ወር በኦትሱ ከተማ፣ በቢዋ ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በኦሚ መቅደስ፣ የአገሪቱ አንደኞች ይጋጠማሉ። ሁለቱ ተጋጣሚዎች በሰሌን ላይ ተንበርክከው ሃምሳ ካርድ በመካከላቸው ይዘረጋሉ፤ በካርዶቹ ላይ የተጻፈው የየግጥሙ መጨረሻ ብቻ ሲሆን፣ አንባቢው የሚያነበው ከመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ መነሻውን ሰምቶ መድረሻውን በልቡ ያልያዘ ሰው አንዲት ካርድ እንኳ ሊያነሣ አይችልም። ዐሥራ አምስት ደቂቃ የካርዶቹን ስፍራ ያጠናሉ። ከዚያ በኋላ አንባቢው የቀደመውን ግጥም መጨረሻ ያዜማል፤ አንድ ሰከንድ ያህል ዝም ይላል፤ የአዲሱም ግጥም የመጀመሪያው ቀለም ገና ከአፉ ሲወጣ የተጫዋቹ እጅ ሰሌኑን ጠርጎ ያልፋል፣ ካርዱም ከግድግዳ ይጋጫል። የበቁት ተጫዋቾች «ሰ» የሚለው የጥርስ ፉጨት ሲሰማ፣ አናባቢው ሳይደርስ፣ የሚመጣው «ሱ» ይሁን «ሴ» ለመለየት ይጥራሉ።

ከመቶው ግጥሞች ሰባቱ፣ «ሙ»፣ «ሱ»፣ «ሜ»፣ «ፉ»፣ «ሳ»፣ «ሆ»፣ «ሴ» በሚሉት ቀለሞች የሚጀምሩት፣ በመነሻቸው አምሳያ የሌላቸው ስለ ሆኑ በአንድ ቀለም ብቻ ይታወቃሉ። በ«አ» የሚጀምሩት ግን 16 ናቸውና ቢያንስ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ቀለም መጠበቅ ግድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀለሞቻቸው ፍጹም አንድ የሆኑ ሦስት ጥንዶችም አሉ፣ እነዚህ የሚለዩት በስድስተኛው ነው። ከዚህም የሚረቀው፣ ካርዶቹ በተነበቡ ቁጥር መለያው ራሱ መለወጡ ነው፤ ከጥንዶቹ አንዱ አስቀድሞ ከተነበበ ሌላውን ለማወቅ ስድስት ቀለም መጠበቅ አያስፈልግምና፣ ተጫዋቹ ያለፈውን ሁሉ እያስታወሰ የሚመጣውን መጠበቅ አለበት።

አሁን አድማጮቼ በተለይ እንዲያስተውሉልኝ የምሻው ነገር ይህ ነው፤ ከእነዚህ መቶ ግጥሞች «ራ»፣ «ሪ»፣ «ሩ»፣ «ሬ»፣ «ሮ» በሚሉት ቀለሞች የሚጀምር አንድም የለም። ይህም አጋጣሚ አይደለም፤ ጥንታዊው የጃፓን ልሳን «ረ»ን በቃል መካከል እንጂ በቃል ራስ ላይ አያቆምም ነበርና፣ ከባዕድ ያልተቀላቀለ የአገር ቃል ለሚመርጡት ለቴይካና ለባልንጀሮቹ ያ በር ዝግ ነበረ። በሩን የከፈቱት በመጀመሪያ ከቻይና የመጡት ቃላት ናቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ፣ በ1946 ዓመት በሸክላ ወጥቶ የደከመውን ሕዝብ ያጽናናው የናሚኪ ሚቺኮ «ሪንጎ ኖ ኡታ»፣ የፖም ዘፈን፣ «ሪ» በሚለው ቀለም ሊጀምር የቻለው የፖሙ ስም የቻይና ቃል ስለ ሆነ ነው። የቀረውን ከአውሮፓ የመጡት ቃላት ፈጸሙት።

ካራኦኬ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ኢኖኡዬ ዳይሱኬ የተባለ ሙዚቀኛ በኮቤ ከተማ በ1971 ዓመት ድምፃዊ የሌለበትን ዜማ የሚያሰማ መኪና ሠርቶ ለመጠጥ ቤቶች አከራየ፤ የፈጠራ መብቱን ግን ስላላስመዘገበ ሀብቱ ለሌሎች ሆነ። ዘፋኞች የሚመርጡበት ዝርዝር በመጀመሪያ ወፍራም መጽሐፍ ነበረ፣ ዛሬ በጣት የሚነካ ሰሌዳ ሆኖአል፤ በሁለቱም ዘፈኑ በካና ተራ ይፈለጋል።

በዚህ ተራ መካከል ጨዋታው ሲካሄድ የሚሆነውን ልግለጽ። በ1961 ዓመት ሳካሞቶ ኪዩ የዘፈነው፣ በ1963 ዓመት በአሜሪካ የዘፈን ዝርዝር አንደኛ የወጣው «ኡዌ ኦ ሙይቴ አሩኮኡ» በካና ሲጻፍ «ኡ» ብሎ ጀምሮ «ኡ» ብሎ ያልቃል፤ ስለዚህ የዘፈነው ሰው የተቀበለውን ቀለም መልሶ ለጎረቤቱ ያስረክባል። «ሳ» ለደረሰው ሰው ሲሳይ ነው፤ ሳኩራ የሚባለው የአበባቸው ስም ስንቱን ዘፈን ሰይሞአል። የሞሪያማ ናኦታሮ በ2003፣ የኬትሱሜይሺና የኮቡኩሮ በ2005 ዓመት የወጡት ሦስቱም በዚህ ስም ይጠራሉ። ነገር ግን ሳኩራ የዘፈነ ሰው ለባልንጀራው የሚያወርሰው «ራ»ን፣ ያንን ጥንት ዝግ የነበረ በር ነው! ባልንጀራው በአገሩ ጥንታዊ ቃል ቢፈልግ አያገኝም፤ ስለዚህ የኦዳ ካዙማሳን የ1991 ዘፈን «ራቡ ስቶሪ ዋ ቶትሱዜን ኒ»ን ይዞ ይነሣል፣ ይህም በእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «ሩ» ነው፤ ብልሆች ተጫዋቾችም ባላጋራቸውን ሆን ብለው ወደዚያ ይገፉታል። በዚህ ቀለም የሚጀምሩ ሁለት የታወቁ ዘፈኖች አሉ፤ አንዱ ተዋናዩ ቴራኦ አኪራ በ1981 ዓመት ዘፍኖ የዓመቱን የሸክላ ሽልማት ያገኘበት «ሩቢ ኖ ዩቢዋ»፣ የሩቢ ቀለበት ነው፤ ሁለተኛው የአራይ ዩሚ የ1975 ዘፈን «ሩጁ ኖ ዴንጎን»፣ በከንፈር ቀለም የተጻፈ መልእክት ነው። የመጀመሪያው «ዋ» ብሎ ስለሚያልቅ የዘፈነውን ያድነዋል፤ ሁለተኛው «ን» ብሎ ያልቃልና፣ ዜማው ምንም ያህል ቢያምር፣ ዘፋኙን ከጨዋታው ያስወጣዋል። የዳኑትም የወደቁትም በባዕድ ቃል በተከፈተው በር ገብተው ነው።

እኔ ይህን ጨዋታ ከማንኛውም የዘፈን ውድድር የማስበልጠው፣ በቀለም ተራ ሲፈለግ ዝነኛውና የተረሳው፣ የአባትየውና የልጅየው ዘፈን አንድ ወንበር ስለሚያገኙ ነው። ዛሬ በካራኦኬው ሰሌዳ ላይ አስቀድሞ የሚታየው በብዛት የተዘፈነው ነው፤ ይህ ዝርዝር ሰውን ሌሎች ወደ ሄዱበት ብቻ ይመራዋልና አይጠቅመውም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። «ሩ» የደረሰው ወጣት ግን በዝና ዝርዝር የሚፈልገውን ስለማያገኝ የካናውን ተራ ለመንካት ይገደዳል፤ እሱ ሳይወለድ የተዘፈነውን የሩቢ ቀለበት ዘፈን አግኝቶ ግጥሙን ከቴሌቪዥኑ መስኮት እያነበበ ሲጀምር፣ ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ቃሉን በቃል ያውቁታልና ያግዙታል።