የኮሪያን ቋንቋ ለመነጋገር ስለ መማር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የምንናገረው ስለ ኮሪያ ቋንቋ ነው። ርእሱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በለጠፍን ማግስት አንድ ወዳጃችን ከሥሩ በእርሳስ «እንግሊዝኛውስ አልቆ ነውን?» ብሎ ጽፎበት አገኘን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንግሊዝኛው አላለቀም። ከሕፃንነታችን ጀምረን ስንማረው ኖረን፣ በፈተና ወረቀት ላይ ትክክለኛውን ፊደል እየከበብን አልፈን፣ አንድ የውጭ አገር መንገደኛ ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው ብሎ ቢጠይቀን ግን ወደ ጓደኛችን ዞር የምንል ብዙዎች ነን። አዲስ ቋንቋ ስንጀምር ያንኑ አካሄድ እንዳንደግመው ስለ ፈራን ነው ይህን ንግግር ያዘጋጀነው።

ኮሪያ ለእኛ ባዕድ አገር አይደለችም። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ በሻለቃነት የተደራጀው የቃኘው ጦር፣ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ቃኘው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከወታደሮቻችን ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም የተማረከ አልነበረም። ቹንቾን በሚባለው ከተማ በስማቸው የቆመ ሐውልት አለ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1960 ዓ.ም. ግንቦት ወር ኮሪያን በጐበኙ ጊዜ እዚያ ተገኝተዋል። ከሐውልቱ አጠገብ በዚያው ዘመን የተከፈተ የቡና መሸጫ ቤት አለ። ስሙ «ኢዲዮፒያ ቤት» ነው። «ቤት» የምትለዋ ቃል የራሳችን አማርኛ ናት፣ በኮሪያ ፊደል ተጽፋ በበሩ ላይ ተሰቅላለች። እኛ ከቋንቋቸው አንድ ቃል ሳናውቅ እነርሱ ከቋንቋችን አንዷን ይዘው ይኸው ስንት ዓመት ቡና ይሸጡባታል።

ዛሬ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ይህን ቋንቋ የሚጀምሩ ወጣቶች ሐሳባቸው ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ተከታታይ ፊልማቸውን በስልኩ ሲያይ ቆይቶ ጆሮው የለመደ ነው። አንዳንዱ የኮሪያ መንግሥት የሚሰጠውን የትምህርት ዕድል ያስባል፤ ይህ ዕድል የደረሰው ተማሪ ወደ ዋናው ትምህርት ከመግባቱ በፊት እንደ ደንቡ አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራል፣ በቋንቋው ፈተናም ሦስተኛውን ደረጃ ማግኘት አለበት። አንዳንዱ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ስለ ሦስተኛው አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባናል። ኮሪያ የውጭ አገር ሠራተኞችን በመንግሥት ለመንግሥት ውል የምትቀጥርበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ሲሆን ውሉ የተደረገው ከእስያ አገሮች ጋር ነው። እንግዲህ «ቋንቋውን ሦስት ወር ተማር፣ ገንዘቡን ክፈል፣ ፋብሪካ እናስገባሃለን» የሚል ደላላ ሲመጣ፣ ከብት ሸጦ ከመክፈል አስቀድሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን መጠየቅ ነው። ከመካከላችን የዘመድ ልጅ በዚህ መንገድ ገንዘቡን የተበላበት አለ። ቋንቋው ግን ምን አጠፋ?

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ፊደላቸውን ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1443 አዘጋጅተው በ1446 አወጁት፤ በአገራችን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን ነው። መሠረታዊዎቹ ፊደሎች 24 ናቸው፤ 14 ተነባቢ፣ 10 አናባቢ። እንደ እኛ አንዱን ፊደል እጅና እግር እየቀጠሉለት ሰባት ጊዜ አይለውጡትም፤ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ጽፈው በአንድ ካሬ ውስጥ ይሰበስቧቸዋል። ሀሁ በቈጠረ ሰው ዓይን ይህ አያስቸግርም፤ አንድ ሳምንት ይበቃል። እንዲያውም አንዳንዱ ድምፅ ለእኛ ከእንግሊዝ ተማሪ ይልቅ ይቀርበናል። የእኛን ሳድስ፣ «እ» የምንለውን፣ የሚመስል አናባቢ አላቸው። የእኛን ግዕዝ፣ በ«መ» እና በ«ለ» ላይ የሚሰማውን፣ የሚመስልም አላቸው። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ የኮሪያን ቃል በፊደላችን ስንጽፍ ግዕዙን እንደ ግዕዝ፣ ሳብዑን እንደ ሳብዕ አድርጋችሁ አንብቡልን። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ቃሉን ሌላ ያደርገዋል።

ችግሩ ያለው በሌላ በኩል ነው። «ዳል» ጨረቃ ነው፤ «ታል» ጭንብል ነው፤ ሦስተኛው፣ «ጣል» ብለን ብንጽፈው የሚቀርበው፣ ሴት ልጅ ማለት ነው። ይቀርባል እንጂ አንድ አይደለም። እኛ «ጠ» ስንል ከጕረሮ የሚፈነዳ ነገር አለ፤ እነርሱ ጕረሮውን ያጠብቃሉ እንጂ አያፈነዱትም። ብጣሽ ወረቀት በከንፈራችሁ ፊት ይዛችሁ ሞክሩት። «ታል» ስትሉ ወረቀቱ ይርገበገባል፣ በ«ዳል» ጥቂት ይነቃነቃል፣ በሦስተኛው ጸጥ ይላል። በመኝታ ክፍላችን ይህን ስንለማመድ የሰማ ጎረቤት በሽታ የገባብን መስሎት በሩን አንኳኩቶ ነበር።

የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ግን ደስ ያሰኛል። ግሱ እንደ አማርኛ ከመጨረሻ ይመጣል። እኛ «ን» ብለን ከስሙ ኋላ የምንቀጥለውን ተሳቢ እነርሱም ከኋላ ይቀጥሉታል፤ «ባብል መገዮ»፣ ምግብን እበላለሁ። ልዩነቱ ግሳቸው ማን እንደ ሠራው አለመናገሩ ነው። በልቻለሁም፣ በልተሃልም፣ በልታለችም አንድ ቃል ነው፤ ከነገሩ ይታወቃል። እኛ ግን ስለምንፈራ በየዐረፍተ ነገሩ «እኔ፣ እኔ» እያልን እንጀምራለን፤ ሰሚውም ይሰለቻል።

በሰፊው ልንናገርበት የምንወደው ስለ አክብሮት ነው፤ የጎጃም ልጅ ይህን የሚያውቅ ይመስለዋልና። መምህሩ «መጡ»፣ ጓደኛዬ «መጣ» እንላለን። እነርሱም «ሰንሴንግኒሚ ኦሸሰዮ»፣ «ቺንጉጋ ዋሰዮ» ይላሉ። እስከዚህ አንድ ነን። ነገር ግን «ጓደኛዬ መጣ» የሚለውን አማርኛ ለጳጳስም ብንነግረው ለእረኛም ብንነግረው አይለወጥም። በኮሪያ ቋንቋ የሚሰማው ሰው ማንነት ግሱን ይለውጠዋል። «ዋሰዮ» ከሚለው ላይ የመጨረሻዋን «ዮ» ብናነሣት ለጓደኛና ለታናሽ ብቻ የሚነገር ይሆናል። ስለዚህም ነው ከሰው ጋር በተዋወቁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዕድሜ የሚጠይቁት። ነገር ፍለጋ አይደለም፤ በየትኛው ግስ እንደሚያናግሩን ለማወቅ ነው።

ከፊልም ብቻ የተማረ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚነጋገሩት ፍቅረኞችና ባልንጀሮች ናቸውና «ዮ» የለችም። አንዱ ባልደረባችን ለጉብኝት የመጡ አንድ የኮሪያ ሽማግሌ ባገኘ ጊዜ፣ ጋሼ ማለቱ መስሎት «ኦፓ» ብሎ ጠራቸው። «ኦፓ» ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበት ነው፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ወዳጇን ትጠራበታለች። ወንድ ለታላቅ ወንድሙ «ህየንግ» ይላል፣ ለታላቅ እኅቱም «ኑና»፤ ሴት ለታላቅ እኅቷ «ኧኒ» ትላለች። ሽማግሌው ሣቁ፤ ጨዋ ሰው ነበሩ። ባልደረባችን ግን ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ አፉን አልከፈተም። የእኛም ክፉ በሽታ ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ ስንሳሳት ይሉኝታ ይይዘንና ዝም እንላለን።

እንግዲህ መድኃኒቱን ሩቅ አገር አልፈለግነውም። ጎጃም ቋንቋ የሚማሩበት አገር ነው። ከዲማ ጊዮርጊስና ከዋሸራ የወጡት የቅኔ ተማሪዎች ግዕዝን የቤታቸው ቋንቋ ያልሆነ ሲሆን፣ አኮፋዳ ተሸክመው፣ ውሻ እየከለከሉ፣ በጆሯቸው ተምረውታል። ግስ ያወርዳሉ፣ እርባ ቅምር ያጠናሉ፤ ነገር ግን የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱን ጨርሶ እስኪያውቅ ድረስ ዝም በል አይባልም። ገና በጀማሪነቱ ሁለት ቤት የሆነችውን ጉባኤ ቃና ቈጥሮ መምህሩ ፊት ይዞ ይቀርባል። ትበላሻለች፤ መምህሩ ያርሙታል፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። እኛም ይህንኑ ሥርዓት ወስደን፣ እያንዳንዳችን በየማታው ከራሳችን ኑሮ የወጡ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን በኮሪያ ቋንቋ ሠርተን እንድንመጣ ተዋዋልን። ከመጽሐፍ የተገለበጠ አይቀበሉትም። «ዛሬ ከጮቄ የወረደ ብርድ ነበር»፣ «የምሳው ወጥ ጨው አልነበረውም» የመሰለ ነው። በአራት ወር ውስጥ፣ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ይዘን ከተቀመጥነው ይልቅ አፋችን ተፈታ።

ስለ ቍጥር ጥቂት እንበል። ሁለት ዓይነት አላቸው፤ የራሳቸው «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» እና ከቻይና የመጣው «ኢል፣ ኢ፣ ሳም»። ሰዓቱን በመጀመሪያው፣ ደቂቃውን በሁለተኛው ይቈጥራሉ። በዚህ ላይ የእኛ ሦስት ሰዓት የእነርሱ ዘጠኝ ነው፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ያስብ። ገንዘብ ላይ ግን ጥቅም አለን። ከሺህ በላይ የሚቈጥሩት በ«ማን» ነው፣ ይኸውም ዐሥር ሺህ። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ሲደናበር፣ እኛ «እልፍ» የምትል የአባቶቻችን ቃል አለችን፤ የግዕዙም ቍጥር ፼ ብሎ ይጽፋታል። «ኦ ማን» ሲሉ አምስት እልፍ በሉ፣ ሒሳቡ ያው ነው።

አሁን ለትምህርትም ለሥራም ለሚሄድ ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። እኛ ታላቅ ሰው ሲናገረን ባይገባንም «እሺ» እንላለን። አለዚያም ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን በዚያው አዎን ማለታችን ነው፤ ኮሪያዊው ግን የደነገጥን ይመስለዋል። ይህን ልማድ ይዘን «ኔ፣ ኔ» ማለት ከተማርን አደገኛ ነው። በፋብሪካ መኪና አጠገብ የቆመ ሠራተኛ አለቃው ያለውን ሳይሰማ «ኔ» ቢል ጣቱን ሊያጣ ይችላል፤ ተማሪውም ያልገባውን ውል ይፈርማል። ስለዚህ ገና ሰላምታን ስንማር አብረን መያዝ ያለብን «ዳሺ ሃንበን ማልሄ ጁሴዮ» የሚለውን ነው፤ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ ማለት ነው። «ቸንቸንሂ» ቀስ ብለው፣ «ሞላዮ» አላውቅም፣ «አፓዮ» ያመኛል፣ «ዊኸም» አደጋ፤ ይህች የመጨረሻዋ በሥራ ቦታ ግድግዳ ላይ ተጽፋ ስለምትገኝ በዓይንም ትታወቅ። የምስክር ወረቀት የሚያሰጠው የተለመደው ፈተና ማንበብና ማድመጥ፣ ከፍ ባለው ደረጃም መጻፍ ነው እንጂ መናገርን አይጨምርም፤ የመናገር ፈተና ለብቻው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ወረቀቱን ይዞ፣ አፉ ተዘግቶ መሄድ ይቻላል ማለት ነው።

መሰብሰቢያችን ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከእራት በኋላ ነው። ክፍያ የለም፤ ደብተርና ሁለት ዐረፍተ ነገር ይዞ መምጣት ግን ግዴታ ነው። መምህራኖቻችንም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ሲሳሳቱም እንደ ሌላው ሰው እናርማቸዋለን፣ በ«ዮ»።

አሁን ልትለያዩን ነውና አንዲት የመጨረሻ ትምህርት እንስጣችሁ። መሰናበቻቸው ሁለት ነው። ለሚሄደው «አንኘንግሂ ጋሴዮ»፣ በደህና ይሂዱ፤ ለሚቀረው «አንኘንግሂ ጌሴዮ»፣ በደህና ይቈዩ። እናንተ ወጪዎች ናችሁ፤ እኛ ወንበሩን ለመሰብሰብ እንቀራለን። በሩ ላይ ስትደርሱ ትክክለኛውን በሉን።