ወንዙ ያልያዘውን ውኃ ጠለፋ አያመጣም



«ከሥራህ የተማርከውን አንድ ነገር ንገረን» ተብዬ ነው የቆምኩት። ሥራዬ የፕላስቲክ መቅረጫ ማሽን ማስተካከል ነው፤ ግን ከቆቦ ልጀምር።

ክረምት ሲገባ በምዕራብ ደጋ የዘነበው ዝናብ በሆርማትና በጎሊና ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። የራያ ገበሬ ጎርፉን በአፈርና በቅርንጫፍ ከትሮ ወደ ማሽላ ማሳው ይጠልፈዋል። አባቴ ዳር ቆሞ ያያል፤ ውኃው ሊያጥለቀልቅ ሲል ክትሩን አፍርሶ ያስተነፍሰዋል፣ ሲያንስ ከፍ ያደርገዋል። ወንዙ ከደረቀ ግን ክትር ቢቆልል ዋጋ የለውም። አይቶ ማረም፣ አርሞ ማየት፤ እኛ ክፍል ውስጥ «ክሎዝድ ሉፕ» ብለን የተማርነው ይኸው ነው።

በሃይድሮሊክ ኢንጄክሽን ማሽን ላይ የአባቴ ዓይን ሴንሰሩ ነው። ስክሩ የት እንደደረሰ ይናገራል፤ ኮንትሮለሩ ፍጥነቱን አስልቶ ከታዘዘው ጋር ያስተያያል፤ ቫልቩን ይከፍታል ወይም ያጠባል። እርማቱ ምን ያህል ጠንካራ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ቁጥር ጌይን ይባላል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የጠብታ መስኖ ቱቦ ማያያዣ የሚያመርት ማሽን አስቸገረኝ። በሰከንድ 80 ሚሊሜትር አዝዤው፣ ሞልዱ ሊሞላ ሲል ወደ 55 ይወርዳል። ጌይኑን ጨመርኩ። ጭራሽ ገና ሲነሳ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መጨረሻው ላይ ግን ያው 55። ሁለት ቀን ታገልኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት መካኒክ መጥተው «ልጄ፣ የግፊት ገደቡን አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም። ገደቡ ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ ቫልቩ ወለል ብሎ ተከፍቶም የሚጨመር ኃይል የለም። ወንዙ ያልያዘውን ውኃ ጠለፋ አያመጣም!

የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት የተመረተውን ማያያዣ፣ ለዓይን ደህና ስለነበር አሳልፌዋለሁ። ፕላስቲክ ዘግይቶ ሲሞላ ይቀዘቅዛል፤ ከሁለት አቅጣጫ መጥቶ የሚገናኝበት መስመር ይላላል። ግፊት ያለው ውኃ ሲገባበት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ በፓምፕ በተሳበ ውኃ የሚያለማው ገበሬ ዓይኔ ላይ መጣ። ሄጄ ለአለቃዬ ተናገርኩ፤ ዕቃው ከመጋዘን ተመልሶ ተፈጨ። ቁጣው ቀላል አልነበረም፤ እንቅልፌ ግን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ዘይቱ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት ይዛባል። ቀጥሎ ግፊቱ ከገደቡ በታች መሆኑን፣ ትርፍ አቅም መኖሩን አያለሁ። ከዚያ እርማቱን አጥፍቼ ቫልቩ ለየትእዛዙ ምን ፍጥነት እንደሚሰጥ እመዘግባለሁ። ጌይን የምነካው በመጨረሻ ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ፣ መወዛወዝ ሲጀምር ወደ ግማሽ እመልሰዋለሁ። ይህች «ግማሽ» ዚግለርና ኒኮልስ በ1942 እ.ኤ.አ. ካወጡት ደንብ የመጣች ናት።

አዲስ ተመራቂዎች፣ ቁጥሩን ከመነካካታችሁ በፊት ወንዙን እዩ። ስታጠፉም ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ ተናገሩ።