ሽንኩርት ከመላጥ ይጀመራል

(የማህበራችን የወጣት ሴቶች የኮምፒውተር ቡድን በአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ኦፕን ሶርስ ነው። ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ኦፕን ሶርስ የሚባለው አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። የፈለገ ሰው ውስጡን ያነባል፣ የተበላሸውን ያርማል፣ ያረመውንም መልሶ ለጋራው ይሰጣል። አገር ቤት ደቦ የምትሉት ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ሠራተኛ ሄልሲንኪ፣ ሌላው ናይሮቢ፣ ሌላዋ አየር ጤና ልትሆን መቻሏ ነው።

ከኑሯችንም የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ሊኑክስ፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት የአንድሮይድ ስልክ መሠረት ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ስለ እናቶች ክትትልና ስለ ሕፃናት ክትባት ሪፖርት የሚያደርጉበት ዲኤችአይኤስ 2ም ኦፕን ሶርስ ነው። የተሠራው በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ሲሆን በእኛ ዘመን አቆጣጠርም መሥራት ይችላል። ይህ የሆነው 13 ወር የምትቆጥር አገር መኖሯን ኮዱ ውስጥ ያስገባ ሰው ስለነበረ ነው።

እናቶቻችን፣ የብዙዎቻችንን ቤት ታውቁታላችሁ። ኮርስ ጨርሰናል፤ ሰርተፊኬቱ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቀጣሪው የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድ ደግሞ ካልተቀጠሩ አይገኝም። ኦፕን ሶርስ ከዚህ መውጫ አንዱ በር ነው። የሠራሽው በስምሽ ይመዘገባል፣ ማንም ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ችግሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መስመር ያለው ኮድ ፊት የቆመች ጀማሪ በየት በኩል እንደምትገባ ግራ ይገባታል።

መልሱን ከድግስ ቤት እናውቀዋለን። ለሰርግ ሥራ አዲስ የመጣች ልጅ መጀመሪያ ቀን የዶሮ ወጡ ድስት አይሰጣትም። ሽንኩርት ትልጣለች። ሽንኩርቱ ግን የማስመሰያ ሥራ አይደለም፤ ካልተላጠ ወጥ የለም። ደግሞም የምትልጠው ከባለሙያዎቹ አጠገብ ተቀምጣ ነው፤ ቁሌቱ መቼ እንደሚበቃው እያየች፣ ሰዎቹ እንዴት እንደሚነጋገሩ እየሰማች። ወፍራም አድርጋ ከከተፈችም «ትንሽ አድቅቂው» የሚላት አለ። እውነተኛ ሥራ፣ ባለሙያ አጠገብ መሆን፣ የሚያይላት ሰው፤ ለጀማሪ የሚያስፈልጉት እነዚህ 3ቱ ናቸው።

የኦፕን ሶርስ ሰዎችም ይህን ያውቃሉ። ጊትሀብ በሚባለው የጋራ መሥሪያ ላይ ብዙ ቡድኖች ቀላል ስህተቶችን ለይተው «ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ የሚሆን» የሚል ምልክት ያደርጉባቸዋል። እንዲህ ያለ ግልጽ ግብዣ ለሴቶች ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2006 ግኖም የተባለው ፕሮጀክት ለክረምት ሥራ ተማሪዎችን ሲጠራ 181 ሰው አመለከተ፤ አንዲትም ሴት አልነበረችም። በዚያው ዓመት ለሴቶች ብለው ለይተው ሲጠሩ ብዙ አመልካቾች መጡ፤ 6 ሴቶችም ተቀባይነት አግኝተው ሠሩ። ያ ጅምር አድጎ ዛሬ አውትሪቺ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ሆኗል።

እኛ የምንለጠው ሽንኩርት የትኛው ነው? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ በስልክም በኮምፒውተርም ይጻፋል። ሶፍትዌሩ አማርኛችንንና ኑሯችንን ገና ያላወቀባቸው ቦታዎች ግን ብዙ ናቸው። «አስቀምጥ»፣ «ሰርዝ»፣ «ግባ» እያለ ሴቷን እንደ ወንድ የሚያዝ አለ፤ «ያስቀምጡ» ቢባል ለሁሉም ይሆናል። የቤተሰብ ስም አምጪ የሚል ቅጽ አለ፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። በ«ፀ» የተመዘገበችን ፀሐይ በ«ጸ» ስትፈልጊያት «የለችም» የሚል አለ። ጳጉሜ 3 የተወለደን ልጅ የማይቀበል የቀን መምረጫ አለ። ልጇን ልታስመዘግብ የሄደች እናት ፊት እነዚህ ትንሽ አይደሉም። አንዳንዶቹን ለማረም ግን የአንድ ቃል ወይም የጥቂት መስመሮች ለውጥ ይበቃል።

መንገዱም አንድ ዓይነት ነው። ስህተቱን በግልጽ ጽፈሽ ታሳውቂያለሽ፣ «እኔ ልሞክረው» ትያለሽ፣ የኮዱን ቅጂ ወስደሽ ታርሚያለሽ፣ ትልኪያለሽ። የሚያየው ሰው አስተያየት ይሰጥሻል፣ ታስተካክያለሽ። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ስለሆኑ መልሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አንድ ቃል ያረመችው ልጅ የሄደችበትን መንገድ፣ ነገ ሺህ መስመር የምትልከውም ትሄድበታለች።

ለለመዳችሁት እህቶቻችን አንድ አደራ አለን። በ5 ደቂቃ የምትጨርሱትን ስህተት ስታዩ እጃችሁን ሰብስቡ። ለጀማሪዋ ሁለት ቅዳሜ ይፈጅባት ይሆናል፤ ይፍጅባት። «ተይው እኔ ልሥራው» እየተባለች ያደገች ልጅ ድስት ሳትጥድ ትዳር ትገባለች። የእናንተ ሥራ ስህተቱ የት ፋይል ውስጥ እንዳለና ሲታረም ምን መምሰል እንዳለበት ጽፋችሁ ማስቀመጥ ነው። እውነት ለመናገር ይህ ራስ አርሞ ከመገላገል ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ቡድኑን ነገ የሚረከብ ሰው የሚገኘው በዚህ ነው።

ለረዳቶቻችንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ሃክቶበርፌስት በሚባለው ዘመቻ 4 ማስተካከያ ለላከ ቲሸርት ይሰጥ ነበር። ብዙ ሰው ለቲሸርቱ ሲል የማይረባ ለውጥ እየላከ ባለ ፕሮጀክቶቹን ስላስመረረ፣ አዘጋጆቹ በዚያው ወር ደንቡን ቀይረው ዘመቻው ፈቃደኛ በሆኑት ላይ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ስለዚህ «ስንት ሠለጠኑ? ስንት ላኩ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁን። የስንቷ እርማት ተቀባይነት አገኘ? ስንቷ ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሳ መጣች? ስንቷ ሌላዋን አጠገቧ አስቀመጠች? ሪፖርታችንን በእነዚህ ለኩት። ቁጥሩ ያንሳል፤ እውነት ግን ይሆናል። ከናንተ የምንፈልገውም የኢንተርኔት ክፍያና መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ ባትሪ ነው።

እናቶቻችን፣ የመጨረሻው ልመና ለእናንተ ነው። ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ልጆቻችሁን ከቤት ሥራ ልቀቁልን። ከተመቻችሁ እናንተም ኑ። ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። ያረምነውን አማርኛ ስናነብላችሁ «ይህ ቃል አይገባኝም»፣ «እንዲህ አይባልም» የሚለን ሰው ያስፈልገናል፤ ያንን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ሎሚውን እንከፋፈለው።